የሲስተር አበራሽ ሜትር

ጡረታ ከወጣሁ አራት ወር ሆነኝ፤ እስካሁን ግን አርፌ መቀመጥ አልቻልኩም። ባለቤቴ «ወንበሩ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» ትለኛለች። እነሣለሁ፣ ግቢውን እዞራለሁ፣ የውጭውን በር ከፍቼ አስፋልቱን አያለሁ፣ ተመልሼ እገባለሁ። ዕድሜ ልኩን ከአልጋ አልጋ ሲዞር የኖረ እግር በአንድ ጊዜ ተቀመጥ ቢሉት አይሰማም። ይህንንም የምጽፈው ቆሜ ነው፤ ወረቀቱን የመስኮቱ ደፍ ላይ አድርጌ።

ሁሉንም ግን በጡረታ ማሳበብ አልችልም። አሰላ፣ በሠራሁበት ሆስፒታል ሽኝት የተደረገልኝ ዕለት አንድ ወጣት ሐኪም አጠገቤ ተቀምጦ ኬኩን እየበላ አዲስ አበባ ያየውን አጫወተኝ። በእግር ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ተነሥቶ ወደ ሳንባ እንዳይሄድ የሚይዝ ማጣሪያ በአንዲት ሴት ሆድ ውስጥ፣ ትልቁ ደም ሥር ላይ ሲያስቀምጡ አይቷል። በአንገቷ በኩል በቀጭን ቱቦ አስገቡት። ከቦታው ሲደርስ እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል፤ ደሙ ያልፋል፣ የረጋው ይቀራል። በስልኩ ፎቶውን አሳየኝ፤ ከጣት የማይረዝም፣ ቀጫጭን የሽቦ እግሮች ያሉት ነገር ነው።

«ጋሼ፣ በእናንተ ጊዜ ምን ታደርጉ ነበር?» አለኝ።

«እንለካ ነበር» አልኩት።

ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ ግን ኬኩን መጨረስ አቃተኝ።

የተወለድኩት አርሲ ውስጥ፣ ጮሌ ከተማ ነው። አባቴ ወጌሻ ነበር፤ የወለቀ የሚመልስ፣ የተሰበረ የሚያስር፣ ያበጠ የሚያሽ። ቅቤውን የምይዘው እኔ ነበርኩ። አባቴ ዐይኑን ጨፍኖ ነው የሚያሸው። ከቁርጭምጭሚት ተነሥቶ በአውራ ጣቶቹ ወደ ላይ እየገፋ ባት ላይ ሲደርስ ቆም ይላል፤ የደነደነውን ቦታ ያገኘዋል፤ ከዚያ እስኪፈታ ድረስ አይለቀውም። ይህን ሙያ አሥራ ሦስት ዓመት ሳይሞላኝ አስተማረኝ። «እጅህ ከኔ ይሻላል» ያለኝ ቀን የተሰማኝን ኩራት ዲፕሎማ ስቀበል አላገኘሁትም።

የጤና ረዳትነት ትምህርቴን ስጨርስ ደርግ ገና መንበሩን እያደላደለ ነበር። መጀመሪያ የተመደብኩት ሁሩታ ጤና ጣቢያ ነው። አለቃችን ማኅተሙን በሰንሰለት ከቀበቶው ጋር አስሮ የሚዞር ሰው ነበር፤ አስፕሪን ለመስጠት እንኳ የሱን ወገብ መከተል ነበረብን። ደመወዙ ለአንድ ላጤ ይበቃል፣ ካልታመመ። ሁለት ዓመት እዚያ ቆይቼ አሰላ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ተዛወርኩ። ሲስተር አበራሽን ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው።

ሲስተር አበራሽ የክፍሉ ኃላፊ ነበረች። አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፅዋን የማታነሣ ሴት። የጋዎኗ ኪስ ውስጥ መቀስና ቴርሞሜትር ይኖራል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ቢጫ የልብስ ሰፊ ሜትር ያገኛል። ጠዋት ክፍሉ እንደ ተጠረገ ከመጀመሪያው አልጋ ትነሣለች። ከበሽተኛው ጉልበት በታች አራት ጣት ትለካለች፣ ቁስል በምንቀባበት ሐምራዊ መድኃኒት ምልክት ታደርጋለች፣ ሜትሩን ባቱ ላይ ታዞራለች። ከዚያ ሌላኛው እግር። ነገም እዚያው ምልክት ላይ፣ ከነገ ወዲያም እዚያው። ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ አጥንቱ የተሰበረ፣ የወለደች፣ ብዙ ቀን የተኛ ማንም አይቀርም። በሽተኞቹ «ሱሪ ልታሰፉልን ነው?» እያሉ ይቀልዱ ነበር። እሷም «ኮትም አለበት» ትላለች ሳትስቅ።

አንዱ እግር ከሌላው ከበለጠ አልጋው ወዲያው በእግር በኩል በጡብ ከፍ ይላል፤ ሐኪሙ ይጠራል፤ ደም የሚያቀጥነው መርፌ ይጀመራል። የሰው እግር ሲተኛ ደሙም ይተኛል ትለን ነበር። ረግቶ እዚያው ቢቀር እግር አሳብጦ ያልፋል፤ ከተነቀለ ግን መንገዱ አንድ ነው፤ በሆድ አልፎ፣ በልብ አልፎ፣ ሳንባ ላይ ይወተፋል። «የሚነቅለው ደግሞ እጅ ነው» ትላለች። «አትሹ። ለማንም፣ በምንም ምክንያት አትሹ።» ይህን ስትል ወደ እኔ እንደምታይ አስተውል ነበር። የማን ልጅ እንደሆንኩ ታውቃለች።

እሰማታለሁ፣ ግን አላምናትም ነበር። የአባቴ እጅ ስንቱን አስነሥቷል! እሷ የምትለው ለእኔ የመማሪያ መጽሐፍ ወሬ ብቻ ነበር። ወጣት ነበርኩ፤ ወጣትነቴን ምክንያት ላደርገው ግን አልፈልግም።

ፋጡማ ከዲክሲስ መጣች። ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ተሸክመዋት፣ በኦፕራሲዮን ሴት ልጅ ወለደች። ባሏ ገብሱ ሳይሰበሰብ ዝናብ እንዳይመታው ብሎ ተመለሰ፤ አብራት የቀረችው አማቷ አዴ ዘይነባ ናት። ረጅም፣ ደልዳላ፣ ቅቤ የጠገበ ጉንጉን ፀጉሯ ከሻሽዋ ሥር የሚያብረቀርቅ የአርሲ ሴት። ክፍሉ ውስጥ ላለ በሽተኛ ሁሉ እርጎ ታካፍላለች።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት የፋጡማ ግራ ባት ከቀኙ በሦስት ሴንቲ ሜትር በለጠ። አልጋዋን ከፍ አደረግን፤ መርፌው ተጀመረ። ሲስተር አበራሽ «በኦሮምኛ አስረዳልኝ» ብላኝ ለአዴ ዘይነባ ነገርኳት፤ እግሩ አይነካም፣ አይታሽም። አዴ ዘይነባ ራሷን ነቀነቀች። ሁለተኛው ቀን ረቡዕ ነበር፤ ረቡዕ የውይይት ክበብ ቀን ነው። በዚያ ዘመን ከውይይት ክበብ መቅረት ያስጠይቃል፤ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሰው ብቻ ትቶ ሌላው አዳራሽ ይገባል። የቀረሁት እኔ ነበርኩ። ሰዓቱም የጠያቂ ሰዓት፣ እኩለ ቀን ነው።

ፋጡማ እግሯን ይዛ ታለቅሳለች። አዴ ዘይነባ ከጉያዋ በኮባ የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ አወጣችና ራሷ ልትጀምር እጅጌዋን ሰበሰበች። ሮጥኩና ያዝኳት።

«ተይ አዴ፣ ተከልክሏል ብዬሻለሁ።»

«ማሎ ኢልማ ኮ» አለችኝ፤ እባክህ ልጄ ማለቷ ነው። አማርኛዋን ከኦሮምኛዋ እየቀላቀለች ቀጠለች። «አባትህን ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔ አላውቅም እሺ፣ አንተ ታውቃለህ። ትንሽ ብቻ። ልጅቱ ስታለቅስ ጡቷ ይደርቃል፣ ሕፃኗ ምን ትጠባለች?»

እውነቱ ይህ ነው፤ የለመነችኝ አላሸነፈኝም። ያሸነፈኝ «አንተ ታውቃለህ» ያለችው ነው። እጄን ታጠብኩ። ቅቤውን በመዳፌ አሞቅሁ። ዐይኔን ጨፍኜ፣ ከቁርጭምጭሚቷ ጀምሬ፣ አባቴ እንዳስተማረኝ ወደ ላይ ገፋሁ። ባቷ ላይ ስደርስ የደነደነውን ቦታ አገኘሁት። ከጣቴ ሥር እንደ ገመድ ተሰማኝ። አልለቀቅሁትም።

«ቀለለኝ» አለች ፋጡማ። ፈገግ ብላ ነበር።

ገመዱ ከጣቴ ሥር ጠፋ። እኔ የፈታሁት መስሎኝ ደስ አለኝ። ያ ደስታ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ብዙም ሳይቆይ ፋጡማን ሳል ያዛት። ተነሥታ ልትቀመጥ ሞከረች፣ ደረቷን ያዘች፣ «አየር… አየር…» አለች። ከንፈሯ ጠቆረ። ኦክስጅን ጎትቼ እስካመጣ፣ ሐኪሙን ከአዳራሹ እስካስጠራ፣ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። ሕፃኗ አጠገቧ ተኝታለች።

ሲስተር አበራሽ ስትመጣ አንሶላውን ገለጠች። እግሩ ያብረቀርቃል። ጎንበስ ብላ አሸተተችና ቀና አለች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

አዴ ዘይነባ ግድግዳውን ተደግፋ ታየናለች። ሲስተር አበራሽ ውኃና ሳሙና አስመጥታ እግሩን ራሷ አጠበችው፤ ጣት በጣት፣ ቀስ ብላ። ሐኪሙ ካርዱ ላይ የረጋ ደም ሳንባ ላይ ወጥቶ ሞተች ብሎ ጻፈ፤ እውነት ነው፤ ግማሹ። ከዚያ ሲስተር አበራሽ ሜትሩን ከኪሷ አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ከነገ ጀምሮ የምትለካው አንተ ነህ» አለችኝ። ምሕረት ይሁን ቅጣት እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም።

ባሏ ሲመጣ አስከሬኑን ሰጠሁት። አዴ ዘይነባ ሕፃኗን አቅፋ ዞር ብላ አየችኝ። ስለ ቅቤው ለባሏ አልነገርኩትም። አብረው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ለካሁ። ከግንባር የሚመጡ ቁስለኞች አልጋ አልበቃ ብሏቸው መሬት ላይ ተኝተው፣ ተንበርክኬ ለካሁ። ሲስተር አበራሽ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረች፤ ሜትሩን አልጠየቀችኝም። እየለካሁ ያገኘኋቸው፣ መርፌ ተጀምሮላቸው በእግራቸው የወጡ ብዙ ናቸው። ፋጡማን ግን አልተኩልኝም።

ከዚያ አባቴ ከፈረስ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። አሰላ አመጡትና እኔው ክፍል ተኛ። እግሩን በገመድና በክብደት ወጠርነው። እኔን ከነሜትሬ ሲያይ «ይኼ ልብስ ሰፊ እዚህ ምን ይሠራል?» ብሎ ክፍሉን አሳቀው። በዘጠነኛው ቀን ሜትሩ አላሳቀኝም፤ አንዱ ባቱ ከሌላው በልጧል። መርፌውን ጀመርን። በሦስተኛው ቀን እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ደም አስመለሰው፤ ለካ የቆየ የጨጓራ ቁስል ነበረው። መርፌው ቆመ። በማግስቱ ደረቱን ወግቶት ደም ያለበት አክታ ተፋ። ከረጋው ደም ትንሽዋ ቁራጭ ወደ ሳንባው ሄዳለች ማለት ነው፤ ትልቋ ተራዋን ትጠብቃለች።

ሐኪማችን ውጭ አገር የተማረ፣ ሲናደድ የሚያፏጭ ሰው ነበር። እያፏጨ ካርዱን ገለበጠና ጀርባው ላይ በእርሳስ ሥዕል ሣለልኝ፤ ቱቦ፣ ቱቦው ውስጥ ጃንጥላ የመሰለ ሽቦ። «ሌላ አገር ብንሆን ይህን እናስገባለት ነበር» አለኝ። «ያለን ክር ነው። ብሽሽቱ ላይ ከፍተን ደም ሥሩን እንቋጥረዋለን። እግሩ ዕድሜ ልኩን ያብጣል፤ ሰውዬው ግን ይኖራል። አባትህን አሳምን።»

አባቴ አልሰማ አለ። «የተቋጠረ ደም ሥር እግር ያደርቃል። ባቴ ደንድኗል፣ ሌላ ምንም አይደለም። ቅቤው ትራሴ ሥር አለ፤ ከጮሌ አምጥተውልኛል። አንተ እሸኝ።»

«አልችልም አባዬ።»

«ካልቻልክ አንዱን ባልንጀራዬን አስጠራለሁ። ያስተማርኩህ ለመቼ ነው?»

እንደሚያስጠራ አውቃለሁ። ለመንኩት፣ ሐኪሙ ያለውን ደጋገምኩለት፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ያን ጊዜ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስለ ፋጡማ ነገርኩት፤ ስለ ቅቤው፣ ከጣቴ ሥር ስለ ጠፋው ገመድ፣ «ቀለለኝ» ስላለችው። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር።

አባቴ ፊቱን ከግድግዳው መለሰ። ከዚያ እጄን ያዘና መዳፌን ገልብጦ አየው።

«ጮሌ ውስጥ አንዲት ሙሽራ ነበረች» አለ። «አራስ ሆና እግሯ አበጠ። እያሸኋት እንዲሁ አየር አየር አለች። ዐይን በላት አልኩ እኔ። ዐይኗ ከባድ ነው ብዬ የጎረቤታቸውን ሴት ስም ጠራሁ። ሰዉ ውኃ አላስቀዳት አለ፤ ልጆቿን ይዛ አገር ለቃ ሄደች።» ትንፋሹ አጠረበት። «ታደሰ፣ ለዚያች ለዲክሲሷ ቤተሰብ ነግረሃል?»

«የለም።»

«እኔ የማን ደጅ ልሂድ? ያቺ ሴት የት እንዳለች እንኳ አላውቅም። አንተ ታውቃለህ። በል፣ ደም ሥሬን ይቋጥሩት። አንተ ግን ዲክሲስ ትሄዳለህ። ማልልኝ።»

ማልኩለት።

ኦፕራሲዮኑ ላይ እኔ ነበርኩ። ቦታው ብቻ ደንዝዞ አባቴ ነቅቶ ነው የተሠራው። ሐኪሙ ከብሽሽቱ ዝቅ ብሎ ከፈተ፤ ሰማያዊውን ደም ሥር ከቀዩ ለይቶ በጣቱ ከፍ አደረገው፤ የሐር ክር አዞረበትና ሳበ። አባቴ ከመጋረጃው ወዲያ «በስንት ቦታ ቋጠራችሁት?» አለ። «በሁለት» አለው ሐኪሙ። «ጥሩ፤ አንዱ ሊፈታ ይችላል» አለ አባቴ። የሙያ ሰው ነው።

ዳነ። እግሩ እንደ ተባለው አብጦ ቀረ፤ በፋሻ ጠቅልሎ በከዘራ ይሄዳል። ጮሌ ሲመለስ ሰው መምጣቱን አላቆመም፤ እሱ ግን ሳይለካ እጁን አያሳርፍም። ሜትር ስላልነበረው በክር ነው። ሁለቱን ባት ይለካና በየልኩ ይቋጥራል። ቋጠሮዎቹ ከተራራቁ «ክሩን ይዘህ አሰላ፣ ልጄ ጋ» ይላል። እስኪሞት ድረስ ክር ይዘውልኝ የሚመጡ ሰዎች አልጠፉም። አንዷን አስታውሳለሁ፤ ክሩን አንገቷ ላይ እንደ ማተብ አስራው ነበር።

ዲክሲስ ግን አልሄድኩም። መጀመሪያ ፈራሁ። በዚያን ጊዜ «አሻጥር» የምትባል ቃል ነበረች፤ በሽተኛ የሞተበት የመንግሥት ሠራተኛ ላይ ከወደቀች የት እንደምታደርሰው አይታወቅም። ደርግ ወደቀ፤ ቃሏም አብራ ሄደች፤ እኔ ሌላ ምክንያት አገኘሁ። ልጆች፣ ሥራ፣ የተዳፈነን ሐዘን ምን ይቀሰቅሰዋል የሚል ጨዋ የሚመስል ፍርሃት። አባቴን ልጠይቅ በሄድኩ ቁጥር ገና ሳልቀመጥ «ዲክሲስ ሄድክ?» ይለኛል። አልሄድኩም ስለው ከዘራውን ያያል። የመጨረሻው ጥያቄውም እሱ ነበር።

ያ ወጣት ሐኪም ፎቶውን ካሳየኝ በኋላ እንቅልፌም እግሬም እምቢ አለ። ባለፈው ሳምንት ተነሥቼ የዲክሲስ መኪና ያዝኩ። መቀመጫ ነበረኝ፤ ግማሹን መንገድ ቆሜ ሄድኩ። የአዴ ዘይነባን ቤት ብጠይቅ ገበያው ጥግ ያለ ወፍጮ ቤት አሳዩኝ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት የአዴ ዘይነባ የልጅ ልጅ ናት፤ ሐሊማ። ቅንድቧ ድረስ ዱቄት ለብሳለች። ያን ቀን ፋጡማ አጠገብ ተኝታ የነበረችው ሕፃን እሷ ናት። ወፍጮው ይጮኻል።

«ከአሰላ ነው የመጣሁት» አልኳት። «እናትሽ የሞተች ቀን እዚያ ነበርኩ።»

አልሰማችኝም፤ ደገምኩት። ወፍጮውን አጠፋችው። እህል ያመጡት ሴቶች ዞር ብለው አዩን። ሁሉንም ነገርኳት፤ የተከለከለ እንደነበር፣ እኔ እንደማውቅ፣ ያሸው የኔ እጅ እንደሆነ። ቅቤውን ማን እንዳመጣው ሳልናገር ልዘለው ብዬ ነበር፤ እሷ ጠየቀችኝ።

«ቅቤው የማን ነበር?»

«የአያትሽ።»

በእጇ ጀርባ ፊቷን ጠረገች፤ ዱቄቱ ባሰበት።

«አያቴ ቅቤ አትነካም ነበር» አለችኝ። «ፀጉሯን አትቀባ፣ አትንጥ፣ ወተቱን ጎረቤት ነው የሚንጥልን። የአርሲ ሴት ቅቤ ሳትነካ ስትኖር አይተው ያውቃሉ? ሰዉ ስለት አለባት ይል ነበር። እኔ የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ወገቤን እሺኝ ብላት እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች። ለምን ብላት አለቀሰች እንጂ አልነገረችኝም።»

«የት ናት?»

«ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው።»

ስድስት ዓመት። ከዚያ በፊት ሃያ ምናምን ዓመት፣ አባቴ በጠየቀኝ ቁጥር፣ እዚህ ነበረች። እጇን ደብቃ።

ይቅርታ ለመጠየቅ ያዘጋጀሁት ቃል ነበረኝ፤ መንገዱን ሙሉ ስለማመደው ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ጥፋቱ የሷ አልነበረም» አልኳት። «እኔ ነኝ የማውቀው። እሷ አታውቅም ነበር።»

ሐሊማ አየችኝ። የቁጣ ፊት አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። አንድ በርጩማ በእጅጌዋ ጠርጋ አቀረበችልኝ።

«ይቀመጡ፣ ደክሞዎታል» አለችኝ። «እኔ እናቴን አላውቃትም፤ ያሳደገችኝ አያቴ ናት። ይህን መንገር የነበረብዎ ለሷ ነበር።»

ሴቶቹ እህላቸውን ይዘው እየጠበቁ ነው። ተመልሳ ወፍጮውን አስነሣችው። ቆሜ ቀረሁ፤ ሌላ የምለው ቢኖረኝም አይሰማም ነበር።